ባትሪው ሲሞት ዳሽቦርዱ ያምታታል፤ የአብደራፊ ሙቀትና የባለሀብቱ ሒሳብ

ሰኔ ገብቶ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ አብደራፊ ላይ ጊዜ ከብር ይበልጣል። የአካባቢው ጥቁር ዋልካ አፈር በወቅቱ ካልታረሰና ካልተዘራ፣ ሐምሌ ላይ ጭቃው ትራክተር ያሰምጣል። ባለእርሻው ዘሩን ገዝቶ፣ ነዳጁን በበርሜል አስቀምጦ፣ ሾፌሩን ቀጥሮ ሲያበቃ ቁልፉ ይዞራል፤ ሞተሪኖው «ጭ» ብሎ ዝም ይላል። ከጥር ጀምሮ ፀሐይ ላይ የቆመው ትራክተር ባትሪው ሞቷል።

በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ደግሞ ተራው የአይሱዙና የፒካፑ ነው። የደረሰ ሰሊጥ ቀን አይሰጥም፤ ፍሬው ተከፍቶ መሬት ላይ ይራገፋል። አጫጁን፣ ውኃውንና ስንቁን ወደ እርሻ የሚያደርሰው መኪና አንድ ማለዳ ካልተነሳ፣ ኪሳራው በባትሪ ዋጋ ብቻ የሚለካ አይሆንም። አዲስ ሞዴል መኪና የገዛው ባለሀብት ጣጣ ከዚህም ይብሳል። መኪናው በስንት መከራ ተነስቶ እንኳ ዳሽቦርዱ ላይ የኤቢኤስ፣ የመሪ፣ የኤርባግና የሞተር መብራቶች በአንድነት ይበራሉ። ባለቤቱ ደንግጦ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ይደውላል። ከዚያም አልፎ ተርፎ ያልተበላሸ ዕቃ ያስገዛል።

የዚህ ጽሑፍ ጭብጥ አጭር ነው፤ በቆላው ምድር ባትሪ እንደ ነዳጅ የሚያልቅ ዕቃ ተደርጎ በበጀት መያዝ አለበት። ብዙ ማስጠንቀቂያ በአንድ ጊዜ ሲበራም ከዕቃ ግዢ በፊት ቮልቴጅ ይለካ።

ሙቀት የሚያስከፍለው

በምዕራብ አርማጭሆ የምትገኘው አብደራፊ ከሁመራ በስተደቡብ ባለው የሰሊጥ፣ የማሽላና የጥጥ ቀበቶ ላይ ናት። የዚህ አካባቢ ሰሊጥ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ነጭ የሁመራ/ጎንደር ሰሊጥ ተብሎ ራሱን የቻለ ደረጃ አለው። ሰሊጡን የሚያሳምረው ሙቀት ግን ለባትሪ ጠላት ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ ኮፈኑ ሥር ያለው ደግሞ ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል።

ብዙ ሰው ባትሪን የሚገድለው ብርድ ይመስለዋል። ብርድ የደከመውን ባትሪ ያጋልጣል እንጂ የሚያደክመው ሙቀት ነው። የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ሥራው ኬሚካላዊ ነው፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በውስጡ ያለው መበላሸት በግምት እጥፍ ይሆናል። በዚህም ምክንያት የባትሪው ዕድሜ ወደ ግማሽ ይጠጋል። ውኃው ይተንናል፣ የእርሳስ ሳህኖቹ ይበላሉ፣ ሳይነዳ የቆመውም ባትሪ ቶሎ ራሱን ያራግፋል። ተራግፎ የቆየ ባትሪ ሳህኖቹ ላይ ነጭ ጨው ይጋገርበታል፤ ያ ጨው ከጠነከረ በኋላ ባትሪው በቻርጀር ቢያድርም ኃይል አይዝም።

የቆላው የእርሻ አቆጣጠር ራሱ ከዚህ ጋር የተጣላ መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል። ትራክተሩ ሥራ የሚፈታው ከማሽላ አጨዳ በኋላ፣ ማለትም ዓመቱ እጅግ በሚሞቅባቸው ወራት ነው። ባትሪው በሚጎዳበት ወቅት ማንም አያየውም፤ የሚፈለገው ግን ሰኔ ላይ በአንድ ማለዳ ነው።

የቆመ መኪናም ይበላል

አዲስ መኪና ቁልፉ ተነቅሎም አይተኛም። ኮምፒውተሩ፣ የስርቆት መከላከያውና ሰዓቱ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይወስዳሉ። ጤነኛ የሚባለው ፍጆታ እስከ 50 ሚሊ አምፒር ገደማ ነው። ይህ በቀን 1.2 አምፒር ሰዓት መሆኑ ነው። ባለ60 አምፒር ባትሪ በ25 ቀን ግማሹን፣ በ50 ቀን ደግሞ ሙሉውን ያጣል። ሙቀቱ የሚያራግፈው በዚህ ላይ ይጨመራል። በኋላ የተገጠመ የመከታተያ መሣሪያ (ጂፒኤስ) ወይም ቴፕ ካለ ቀኑ ያጥራል።

ይህ ስሌት የወረቀት ብቻ አይደለም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሳ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ በአማራ ክልል ግጭት ከተስፋፋ ወዲህ፣ በዚህ ቀጣና መንገድ ሲዘጋ መኪና ለሳምንታት ሳይንቀሳቀስ የሚቆምበት ጊዜ አለ። መንገዱ ሲከፈት ጭነት ዝግጁ፣ ገዢ ዝግጁ፣ መኪናው ግን ዝግጁ ያልሆነበት አጋጣሚ የሚፈጠረው ከዚህ ነው።

መድኃኒቱ ገንዘብ አያስወጣም። ከ2 ሳምንት በላይ የሚቆም መኪና ወይም ትራክተር የነጌቲቩ ሞርሴቶ ይነቀል፤ ባትሪው በጥላ ሥር ይቀመጥ፤ በወር አንድ ጊዜ ቻርጅ ይደረግ። ሞተሩን ለ5 ደቂቃ አስነስቶ ማጥፋት ግን ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። ሞተሪኖው የወሰደውን ዲናሞው በዚያች ደቂቃ አይመልስም።

አምስት መብራት፣ አንድ በሽታ

በዳሽቦርዱ ላይ የሚታየውን ትርምስ ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ይበቃል። በዘመኑ መኪና ውስጥ ሞተሩ፣ ፍሬኑ፣ መሪው፣ ካምቢዮውና ኤርባጉ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ኮምፒውተር አላቸው፤ እርስ በርሳቸውም በሽቦ መረብ ይነጋገራሉ። ሞተሪኖው ሲዞር የደከመው ባትሪ ቮልቴጅ ከ10 በታች ከወረደ፣ ከእነዚህ ኮምፒውተሮች አንዳንዶቹ ለቅጽበት ይጠፋሉ። የቀሩት ጎረቤታቸው አልመልስ ሲላቸው «ተበላሽቷል» ብለው ይመዘግባሉ። ባለቤቱ የሚያየው አምስት መብራት ነው፤ በሽታው ግን አንድ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። በመጀመሪያ መኪናው ጥቂት ሰዓታት አርፎ በቴስተር ባትሪው ይለካ። 12.6 ቮልት ከሆነ ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ፤ ከ12 በታች ባዶ ለመሆን የተቃረበ። ቀጥሎ ሞተሩ እየሠራ ይለካ፤ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካሳየ ዲናሞው ጤነኛ ነው። ሁለት ባትሪ በተከታታይ የሚይዘው አይሱዙ ላይ ቁጥሮቹ እጥፍ ይሆናሉ። ሦስተኛ፣ ሞርሴቶዎቹ ይጽዱና ይጥበቁ፤ ነጭ ዱቄት የለበሰ ሞርሴቶ አዲስ ባትሪን የሞተ ያስመስላል። አራተኛ፣ ባትሪው በቻርጀር ሙሉ ይሞላ። ኮምፒውተር በማንበቢያ መሣሪያ የሚታየው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ፒ 0562 የሚለው ኮድ ትርጉሙ የሲስተሙ ቮልቴጅ ዝቅ ብሏል ማለት ነው፤ ከኋላው የተደረደሩት ሌሎች ኮዶች ብዙውን ጊዜ የእሱ ልጆች ናቸው። ኮዶቹ ይሰረዙና መኪናው አንድ ቀን ይነዳ። ተመልሶ የመጣው ኮድ ብቻ እውነተኛ ብልሽት ነው።

አንዳንዱ መብራት በራሱ ይጠፋል። የመሪው መብራት በአንዳንድ ሞዴሎች መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዙሮ ጥቂት ሲነዱ ይጠፋል። የመስኮቶቹ አውቶማቲክ አሠራር ዳግም መለማመድ ይፈልግ ይሆናል። እነዚህ ዕቃ አያስገዙም።

ቸል የማይባል መብራትም አለ። መኪናው እየተነዳ ቀዩ የባትሪ ምልክት ከበራ ዲናሞው መሙላት አቁሟል፣ ወይም ቺንጊያው ተበጥሷል። በብዙ ሞተሮች ያው ቺንጊያ የውኃውን ፓምፕም ስለሚያዞር ሞተሩ ሊግል ይችላል። የዘይት ግፊትና የሙቀት መብራትም እንዲሁ ናቸው፤ እነዚህ ሲበሩ መቆም ግድ ነው።

ከአይሱዙ ወደ ፒካፕ

በቆላው መንገድ ላይ ትልቁን ኪሳራ የሚያመጣው የሞተው ባትሪ ሳይሆን መኪናውን ለማስነሳት የሚደረገው ጥረት ነው። አይሱዙ 24 ቮልት ነው፤ ፒካፕና ላንድክሩዘር ግን ባብዛኛው 12 ቮልት ናቸው። በደግነት የቆመ የጭነት ሾፌር ገመዱን ከሁለቱ ባትሪዎቹ ዳርና ዳር ወስዶ ፒካፕ ላይ ቢያስር፣ የባትሪ ችግር የነበረው በሰከንድ ውስጥ የኮምፒውተር ችግር ይሆናል።

ሁለተኛው ስህተት የድሮ ልማድ ነው። ዲናሞው ይሠራ እንደሆነ ለማወቅ ሞተሩ እየሠራ ሞርሴቶ መንቀል በቀድሞው መኪና ብዙም ጉዳት አልነበረውም። በዛሬው መኪና ግን የዲናሞው ኃይል መሄጃ አጥቶ ይንርና ኮምፒውተሮቹን ይመታል። የጭነት ሳጥን ሲበየድም ሞርሴቶው አስቀድሞ መነቀል አለበት።

ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው፤ ቮልቴጃቸው እኩል የሆኑ መኪናዎች ብቻ ይገናኙ፤ ቀይ ከቀይ፤ ጥቁሩ ከረጂው ነጌቲቭ፤ የመጨረሻው ጫፍ ግን ከሞተው ባትሪ ራቅ ብሎ በሞተሩ ብረት ላይ ይታሰር። ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ያወጣልና ብልጭታ አጠገቡ ከተፈጠረ ይፈነዳል።

ሲገዙ የሚታይ

ባትሪ አብደራፊ የሚደርሰው ረጅም መንገድ ተጉዞ ነው። በሱቅ መደርደሪያ ላይ ያለ ባትሪም በሙቀት ይራገፋል። ገዢው ከብራንዱ በፊት የተመረተበትን ቀን ይይ፤ ከዚያ በቴስተር ያስለካ፤ 12.4 ያልደረሰውን አይቀበል። አሲዱ ሳይሞላ መጥቶ ሲሸጥ የሚሞላው ዓይነት ለሩቅ ገበያ የተሻለ ነው። ለሞቃት አገር የአሲዱ ጥግግት ከተለመደው 1.28 ይልቅ ወደ 1.24 ዝቅ ማለቱ የሳህኖቹን ዕድሜ ያራዝማል። የጎደለው በተጣራ ውኃ ብቻ ይሞላል፤ የጉድጓድ ውኃም ሆነ ተጨማሪ አሲድ ባትሪውን ይገድላሉ። በአይሱዙ ላይ አንዱ ባትሪ ሲሞት ሁለቱም አብረው ይቀየሩ፤ አዲሱና አሮጌው በአንድ ላይ ሲሠሩ አሮጌው አዲሱን ይዞት ይወድቃል።

የኤሌክትሪክ መኪና ከዚህ ነፃ ያወጣል የሚል ካለ ይታረም። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ የመጡት የኤሌክትሪክ መኪናዎችም ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ አላቸው። እሱ ከሞተ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ እያለ መኪናው አይነሳም።

ሒሳቡ

ለምሳሌ ያህል ብቻ አንድ ባትሪ 12,000 ብር ገዛን እንበል። በደጋው 4 ዓመት ቢያገለግል ወጪው በወር 250 ብር ነው። በቆላው 2 ዓመት ቢያገለግል 500 ብር ይሆናል። ልዩነቱ በወር 250 ብር ነው፤ የሙቀቱ ግብር ማለት ይህ ነው። በሌላ ወገን 30 አጫጆች በቀን 400 ብር ሒሳብ ቢታሰብላቸው የአንድ ቀን ደመወዝ 12,000 ብር ይመጣል። መኪናው ባለመነሳቱ አንድ ቀን ባዶ ከሄደ፣ ባለእርሻው ያልገዛውን ባትሪ ከፍሎበታል ማለት ነው፤ የተራገፈው ሰሊጥ ሳይቆጠር።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በግማሽ ዓመት ውስጥ ከ120 ብር በላይ ሆኗል። ከውጭ የሚገባ ባትሪም ሆነ የመኪና ኮምፒውተር የዚህ ተከታይ ነው። ባትሪን ሰኔ ላይ በጭንቅ መግዛት በሻጭ ዋጋ መግዛት ነው። በሚያዝያ አስለክቶ፣ በግንቦት ከጎንደር አማርጦ ማስመጣት ግን በገዢ ዋጋ ነው።

አሮጌው ባትሪም ቢሆን ክብደቱ በአመዛኙ እርሳስ ስለሆነ ዋጋ አለው፤ በግቢ ውስጥ ተሰብሮ ሲቀልጥ ግን ሕፃናትን ይመርዛል። ሳይሰበር ለሚረከብ ነጋዴ መስጠት ይበጃል።

ቴስተር ከአንድ ባትሪ ዋጋ በጣም ያነሰ መሣሪያ ነው። በእርሻ ካምፕ፣ በመጋዘንና በደላላው መኪና ኪስ ውስጥ አንድ አንድ ቢኖር፣ ብዙ ኮምፒውተር ሳይቀየር፣ ብዙ ማለዳም ሳይባክን ይቀራል።