የጎሰቆለ የፍሬ ችግኝ

በባሕር ዳር ዙሪያና በጣና ዳርቻ ማንጎ፣ ዘይቱን፣ አቮካዶና ሎሚ በየጓሮው ይተከላሉ። በዘጌም ሎሚ ከቡናና ከጌሾ ጋር በታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። ከዘር የበቀለ ማንጎ ፍሬ ለመስጠት ብዙ ጊዜ ከአምስት ዓመት በላይ ይፈጃል። እንዲህ ያለው ችግኝ በሁለተኛው ዓመት ቢሞት የተካዩን ድካም ብቻ ሳይሆን ዘመኑንም ይዞበት ይሄዳል።

«ችግኙ ታሟል» የሚለው ዐረፍተ ነገር የሚገልጸው ነገር የለም። ጠውልጓል? ገርጥቷል? ወይስ ቀጭጯል? እነዚህ ሦስት ቃላት በድርሰት ላይ እንደሚለያዩ ሁሉ በጓሮም ይለያያሉ፤ እያንዳንዱ የሚያመለክተው ሌላ ሌላ ምክንያት ነው።

የጠወለገ ችግኝ ያየ ሰው ወዲያው ውሃ ለመቅዳት ይነሣል። ብዙው ችግኝ የሚጠፋውም በዚሁ ምክንያት ነው። በባሕር ዳር ከዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ በሐይቁ ዙሪያ ባለው ሜዳማ ጥቁር አፈር ላይ ደግሞ ውሃው ቶሎ አይሰርግም። ሥር ይተነፍሳል። በአፈሩ ውስጥ የነበረውን አየር ውሃ ሲተካው ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል፤ የበሰበሰ ሥር ውሃ መሳብ ስለማይችልም ችግኙ በውሃ መካከል ቆሞ ይጠወልጋል። ስለዚህ የተጠማውና ውሃ የበዛበት በቅጠላቸው አንድ ይመስላሉ። የሚለያቸው አፈሩ ነው። ከግንዱ ጥቂት ራቅ ብላችሁ አንድ ስንዝር ያህል ቆፍሩ፤ አፈሩንም ጨብጡት። ደርቆ ከተበተነ ችግኙ ተጠምቷል። ጭቃ ሆኖ ክፉ ሽታ ካለው ግን አንድ ቀጭን ሥር አውጥታችሁ ተመልከቱ። ጤነኛው ሥር ነጣ ያለና ጠንካራ ነው፤ የበሰበሰው ጠቁሮ ልጡ በጣት ይገፈፋል። ለዚህኛው የሚበጀው ውሃውን የሚያስወግድ ቦይ ነው፤ በተረፈ ሌላ ችግኝ በዚያ ቦታ የምትተክሉ ከሆነ አፈሩን ቆልላችሁ በጉብታ ላይ ትከሉት።

የገረጣውን ስትመረምሩ ቀድሞ የገረጣው የትኛው ቅጠል እንደ ሆነ ጠይቁ። ከታች ያለው አሮጌ ቅጠል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ናይትሮጅን ነው፤ ተክሉ ይህን ምግብ ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለለጋው ይሰጣልና። በደንብ የበሰበሰ ፍግ ይጠቅመዋል። ለጋው ቅጠል ገርጥቶ ጅማቶቹ ብቻ አረንጓዴ ሆነው ከቀሩ ግን ብረት አንሶታል፤ ብረት እንደ ናይትሮጅን ከአሮጌ ቅጠል ወደ ለጋ በቀላሉ አይተላለፍም። ውሃ የቋጠረ አፈርም ይህንኑ ምልክት ስለሚያመጣ፣ ማዳበሪያ ከመፈለግ በፊት ወደ ጉድጓዱ መመለስ ይገባል።

የቀጨጨው ብዙ ጊዜ በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ሥሩ ተጠምጥሞ የቆየ፣ ወይም አንገቱ ድረስ የተቀበረ ነው።

የማንጎ ቅጠል ላይ የተበተነ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ ብታዩ በጥፍራችሁ ፋቁት። ከቅርፊቱ ሥር ጥቃቅን ነፍሳት ከተገኙ፣ በኢትዮጵያ መጀመሪያ በወለጋ እ.ኤ.አ. በ2010 የታየው የማንጎ ተባይ ሊሆን ይችላል። ችግኙ ገና አጭር ስለሆነ የተያዙትን ቅጠሎች ቆርጦ ማቃጠል አያስቸግርም፤ ዛፉ ካደገ በኋላ ግን ከላይኛው ቅርንጫፍ መድረስ ከባድ ነው።