የፋሲካ ዕለት የጣልነው ሁለት ነጥብ

ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ደቡብ አፍሪካ፣ ኔልስፕሩይት ላይ ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ሲለያዩ ሰፈራችን እስከ እኩለ ሌሊት ጨፍሯል። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰናል። ተጋጣሚያችን ዋንጫውን የያዘው ቡድን ነው። ሳላዲን ሰይድ ፍጹም ቅጣት ምት ስቷል፤ ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጥቷል፤ ጎልም ተቆጥሮብናል። በ10 ሰው እየተጫወትን አዳነ ግርማ አቻ አደረገን። ያገኘነው አንድ ነጥብ ብቻ ነበር፤ ደስታው ግን የአንድ ነጥብ ደስታ አልነበረም።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ያው ሰፈር ሌላ አቻ አየ። ዕለቱ ፋሲካ ነበር። ጾሙ ተፈትቷል፣ ዶሮው ተበልቷል፣ ጎረቤት ለጎረቤት እንኳን አደረሳችሁ ተባብሏል። ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን ጉለሌ ያለው ኳስ ማሳያ ቤታችን የሀገር ልብስ በለበሱና ከላዩ ቀይ ማልያ በደረቡ ሰዎች ሞላ። አርሴናል ከሜዳው ውጭ፣ ለንደን ስታዲየም ላይ፣ ከዌስትሃም ጋር ይጫወታል። 2 ለ 0 መርቶ 2 ለ 2 ወጣ። ቤት ስገባ ባለቤቴ ፊቴን አይታ፣ «አልተሸነፋችሁ፤ ምን ሆነህ ነው?» አለችኝ። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ኳስ የማይከታተል ሰው ሁሉ ሊጠይቀው ይችላል፤ እኔም በሚገባ ልመልሰው እፈልጋለሁ።

አርሴናልን መደገፍ የጀመርኩት በናይጄሪያዊው ኑዋንኮ ካኑ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1999 ቡድኑ በቼልሲ ሜዳ 2 ለ 0 እየተመራ ሳለ ካኑ ብቻውን ሦስት ጎል አግብቶ 3 ለ 2 አሸነፈ። እንደ እኔ በዚያ ሰው ተማርከው የቀሩ የዕድሜ እኩዮቼ ብዙ ናቸው። ከዚያ በ2003/04 የውድድር ዘመን አርሴናል አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ዋንጫ በላ። ያ ቡድን በታሪክ «የማይሸነፈው» ተብሎ ይታወቃል፤ ካደረጋቸው 38 ጨዋታዎች ግን 12ቱን አቻ ነው የወጣው። አቻ በራሱ ነውር እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ታዲያ የፋሲካው አቻ ለምን አመመን?

ነገሩ የሚገባው አስቀድሞ ከነበረው ሳምንት ጋር ሲነጻጸር ነው። በሆሳዕና ዕለት፣ ሚያዝያ 1፣ አርሴናል ሊቨርፑል ሜዳ አንፊልድ ላይ ልክ እንዲሁ 2 ለ 0 መርቶ 2 ለ 2 ወጥቶ ነበር። ያን ምሽት ግን ብዙዎቻችን ተጽናንተን ነው የተለያየነው። አንፊልድ አርሴናል እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ በሊግ ጨዋታ አሸንፎ የማያውቅበት ሜዳ ነበር። ሮቤርቶ ፊርሚኖ አቻ ያደረገው በ87ኛው ደቂቃ ቢሆንም፣ ከዚያ በኋላ ሊቨርፑል ሦስተኛ ጎል ሊያገባ ብዙ ተቃርቦ ግብ ጠባቂው አሮን ራምስዴል ነበር ያዳነን። ከአንፊልድ አንድ ነጥብ ይዞ መመለስን ማንም እንደ ሽንፈት አይቆጥረውም። ዌስትሃም ግን በዚያ ወቅት ላለመውረድ የሚታገል ቡድን ነበር፤ ሦስት ቀን ቀደም ብሎም በአውሮፓ ውድድር ቤልጅየም ሄዶ ተጫውቶ የደከመ ቡድን ነው። ጎሎቹ ደግሞ ገና ሳንቀመጥ ነበር የገቡት፦ ጋብሪኤል ጄሱስ በ7ኛው፣ አምበሉ ማርቲን ኦዴጋርድ በ10ኛው ደቂቃ። በ10 ደቂቃ ድሉን ይዘህ 80 ደቂቃ ሙሉ ከእጅህ ሲወሰድ ታያለህ። ዋልያዎቹ ከኋላ ተነስተው ነበር አቻ የወጡት፤ እኛ ከፊት ሆነን ነው። ነጥቡ አንድ ቢሆንም የሄደበት አቅጣጫ ተቃራኒ ነው።

ሌላም አለ። ከኋላችን ማንችስተር ሲቲ ነበር። ሲቲ በዋዜማው ሌስተርን 3 ለ 1 አሸንፎ በሊጉ በተከታታይ ስድስተኛ ድሉን አስመዝግቧል። ከፋሲካው ጨዋታ በኋላ አርሴናል በ31 ጨዋታ 74 ነጥብ፣ ሲቲ በ30 ጨዋታ 70 ነጥብ ነበራቸው፤ ገናም እርስ በርስ ይገናኛሉ። እንዲህ ያለ ቡድን ሲከተልህ አቻ ማለት መንገድ ላይ መቆም ነው።

የተጫወቱት ደግሞ ልጆች ናቸው። ይህን ቃል በፍቅር ነው የምለው። ቡካዮ ሳካ 21 ዓመቱ፣ ጋብሪኤል ማርቲኔሊ 21፣ አምበሉ ኦዴጋርድ 24። አሰልጣኙ አርቴታ ራሱ 41 ዓመቱ ነበር። የ22 ዓመቱ ተከላካይ ዊሊያም ሳሊባ በመጋቢት ወር ጀርባውን ታሞ ከወጣ ወዲህ ኋላው እንደ ቀድሞው አልጸናም። የሊጉን ዋንጫ መብላት ምን እንደሆነ ቀምሰው የመጡት ከሲቲ የተገዙት ጄሱስና ዚንቼንኮ ነበሩ፤ ዚንቼንኮም ያን ቀን አልተሰለፈም። እኔ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ፤ ሳካና ማርቲኔሊን ሳይ አስተምሬ የሸኘኋቸው ልጆች ናቸው የሚመጡብኝ። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ጥሩ ሲጀምር ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ጥፋት አይደለም፤ የዕድሜ ነገር ነው።

በሜዳው ላይ የታየውም ይኸው ነበር። ሁለተኛው ጎል እንደገባ ቡድኑ ኳስ መቀባበሉን ቀጠለ፤ ግን ሦስተኛ ጎል ፍለጋ አልነበረም። ቅብብሉ ዘገየ፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ በዛ። ከዚያ የ29 ዓመቱ ጋናዊ ቶማስ ፓርቴ፣ ልምድ ያለው ሰው፣ በገዛ ሜዳው ኳስ በዌስትሃሙ ዴክላን ራይስ ተነጠቀ። ተከላካዩ ጋብሪኤል የዌስትሃሙን ፓኬታን ጣለ፤ ሳኢድ ቤንራህማ በ33ኛው ደቂቃ ፍጹም ቅጣት ምቱን አስቆጠረ። አሰልጣኙም ከጨዋታው በኋላ የተናገረው ሐሳብ ይህንኑ ነበር፦ ከሁለተኛው ጎል በኋላ ሦስተኛና አራተኛ ለማግባት መጫወት ማቆማችን ትልቁ ስህተት ነው ብሏል።

አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አዛውንት በእረፍት ሰዓት የተናገሩትን አልረሳውም። ለንደን ስታዲየም እ.ኤ.አ. በ2012 ኦሎምፒክ ጥሩነሽ ዲባባ በ10,000፣ መሠረት ደፋር በ5,000 ሜትር ወርቅ ያገኙበት ሜዳ ነው። «እዚህ ሜዳ ላይ የእኛ ልጆች መቼ እንደቀደሙ ታስታውሳለህ? መጨረሻ ላይ እኮ ነው» አሉኝ። መሠረት የመጨረሻው ቀጥታ መንገድ ላይ ነበር ጥሩነሽንና ኬንያዊቷን ቪቪያን ቼሩዮትን ያለፈችው። አርሴናል ገና በመጀመሪያው ዙር የጨረሰ መስሎት ነበር።

ከእረፍት መልስ በ52ኛው ደቂቃ አርሴናል ፍጹም ቅጣት ምት አገኘ። የመታው ሳካ ነው፤ ኳሷ ከቋሚው ውጭ አለፈች። ከሁለት ደቂቃ በኋላ የዌስትሃሙ ጃሮድ ቦውን 2 ለ 2 አደረገው። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ በማሳያ ቤታችን የቀረው አንድ ስም ነበር፦ ሳካ። የተናገሩትን ሁሉ አልጽፈውም። የሰው ዘር የሚያዋርድ ቃልም ሰምቻለሁ፤ ከጥቁር አፍ ለጥቁር ልጅ ሲወጣ ሰውነቴን ሰቀጠጠኝ።

ሳካ ማን እንደሆነ ለማያውቁ ላስታውስ። ሐምሌ 4 ቀን 2013 ዓ.ም. በዌምብሊ የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ እንግሊዝ ከጣሊያን ጋር በመለያ ምት ስትፋለም የመጨረሻዋን የእንግሊዝ ምት የመታው እሱ ነው። 19 ዓመቱ ነበር። ግብ ጠባቂው ዶናሩማ አዳነበት። ከዚያ በኋላ በእሱ፣ በማርከስ ራሽፎርድና በጄደን ሳንቾ ላይ የወረደውን የዘረኝነት ስድብ ዓለም ሁሉ ያውቃል። ያ ልጅ ከዚያ በኋላ ኳሷን ተቀብሎ ነጭ ነጥቧ ላይ ማስቀመጡ ብቻ በእኔ ዘንድ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ጎልማሳ ተጫዋች ከእንዲህ ያለ ምት ይሸሻል።

ከጨዋታው በኋላ ከማሳያ ቤቱ ደጃፍ ቆመን ስንነጋገር አሥራ አራት ዓመት የሚሆነው የሰፈር ልጅ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ «ቲቸር፣ ለምን ሌላ ሰው አይመታም?» አለኝ። እንዲመታ የተመረጠው ሲያስቆጥር ስለኖረ እንደሆነ ነገርኩት። ደጋፊ ያዝናል፤ ማዘን መብቱ ነው፤ የተናደደበትን ምክንያት ግን ለይቶ ማወቅ አለበት አልኩት። በጥሞና ሰማኝ። ከጎኑ የነበረው ጎረምሳ ግን አልሰማኝም። እሱ እጁ ላይ የተጨማደደ የውርርድ ወረቀት ነበር። አርሴናል ያሸንፋል ብሎ ከሌሎች ጨዋታዎች ጋር አያይዞ ቆርጧል፤ የዌስትሃም ሁለተኛ ጎል ወረቀቱን ገደለበት። የእሱ ንዴት የኳስ ንዴት አይደለም። ባለፉት ዓመታት ማሳያ ቤቶቻችን ውስጥ ይህ ንዴት እየበዛ ነው፤ ከደጋፊው ኀዘን ጋር ስለሚደባለቅም ማን ለቡድኑ፣ ማን ለገንዘቡ እንደሚጮህ መለየት አቅቶናል። ሳካን ክፉኛ ከሰደቡት መሀል ወረቀት የያዙት ይበዙ ነበር፤ አርሴናልን የሚወዱ መሆናቸውንም እጠራጠራለሁ።

የውድድር ዘመኑ እንዴት እንደተጠናቀቀ ይታወቃል። በቀጣዩ ዓርብ የመጨረሻ ደረጃ ላይ ከነበረው ሳውዝሃምፕተን ጋር በሜዳችን 3 ለ 3። ሚያዝያ 18 በሲቲ 4 ለ 1 ተሸነፍን። ግንቦት 12 በኖቲንግሃም ፎረስት 1 ለ 0 ስንሸነፍ ዋንጫው ለሲቲ ተረጋገጠ። 248 ቀን ሊጉን የመራ ቡድን በ84 ነጥብ ሁለተኛ ሆነ፤ ሲቲ 89።

እስከ ዛሬ «በፋሲካ ሳካ ባይስት ዋንጫው የእኛ ነበር» የሚሉ አሉ። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። የፋሲካውን ብናሸንፍ 86፣ የሆሳዕናውንም ብንጨምርበት 88። ሲቲ 89 ነው። በዚያ ላይ ሲቲ ዋንጫውን ካረጋገጠ በኋላ የመጨረሻዎቹን ሁለት ጨዋታዎች፣ አንዱን አቻ አንዱን ሽንፈት፣ ዘና ብሎ ነው የተጫወተው፤ ቢያስፈልገው ከዚያም በላይ ነጥብ ባገኘ ነበር። ከየካቲት ወር ጀምሮ 12 ጨዋታ በተከታታይ ካሸነፈ ቡድን ጋር ነበር የምንወዳደረው። ዋንጫው በአንድ ምት አልጠፋም።

ከአሥር ወር በኋላ፣ የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ አርሴናል ወደዚያው ሜዳ ተመልሶ ዌስትሃምን 6 ለ 0 አሸነፈ። ሳካ ሁለት አገባ፤ አንዷ ፍጹም ቅጣት ምት ነበረች። ስድስተኛውን ያስቆጠረው ከፓርቴ ኳስ ነጥቆ የነበረው፣ በክረምቱ ወደ አርሴናል የተዛወረው ራይስ ነው። ቡድኑ ያንን ዘመን በ89 ነጥብ ጨረሰ፤ ሲቲ 91 ስላገኘ እንደገና ሁለተኛ ሆነ። እነዚያ ልጆች አንድ ዓመት በስለው አምስት ነጥብ ጨመሩ ማለት ነው።

ኳስ ማሳያ ቤት ላላችሁ ወንድሞቼ አንድ ልመና አለኝ። የፋሲካ ዕለት የመጨረሻው ፊሽካ እንደተነፋ ድምፁ ተዘግቶ ሙዚቃ ተከፈተ፤ አሰልጣኙ ስህተቱ የት እንደነበር ሲናገር ከመቶ ሰው አንድም አልሰማውም፤ ሁሉም የሳካን ምት ብቻ ይዞ ወጣ። ከጨዋታው በኋላ ለሩብ ሰዓት ድምፁን አትዝጉት። የ14 ዓመት ልጆች ከእናንተ ዘንድ ነው ኳስ የሚማሩት። በተጫዋች ዘርና ቀለም ላይ የሚሳደበውን ሰው ደግሞ የመግቢያውን ገንዘብ መልሳችሁ ከቤታችሁ አስወጡት።