ኃይል ይሰጣሉ ተብለው ስለሚሸጡ መጠጦች

በመርካቶ በአውቶቡስ ተራ ሥራ የሚጀመረው ገና ጎሕ ሳይቀድ ነው። የአገር አቋራጩ ሾፌር ሞተሩን ያሞቃል፤ ረዳቱ የሚሄዱበትን አገር ስም እየጠራ ተሳፋሪ ይሰበስባል፤ ተሸካሚው በጆንያና በሻንጣ ጎብጦ ይራወጣል፤ ሻይ አፍልታ የምትሸጠውም ሴት ከሰሏን ታራግባለች። የእነዚህ ሁሉ እንቅልፍ አጭር ነው። ስለዚህም በየሱቁ ደጃፍና በየአዟሪው እጅ የሚታየው፥ ሕዝቡም በአጭሩ «ኢነርጂ» እያለ የሚጠራው የጣሳና የፕላስቲክ ጠርሙስ መጠጥ ገዢ አያጣም። መጠጡ ለደከመ ሰው ጉልበት ይሰጣል እየተባለ ይሸጣል። ለመሆኑ የሚሰጠው ጉልበት ነውን?

በመጠጡ ውስጥ ዋና የሆኑት ነገሮች ካፌይንና ስኳር ናቸው። ታውሪን የሚባል ቅመምና አንዳንድ ቪታሚኖችም ይጨመሩበታል፤ ዳሩ ግን ጠጪው የሚሰማው የመንቃት ስሜት በአብዛኛው የካፌይን ሥራ ነው። ካፌይን ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም፤ በቡናችንና በሻያችን ውስጥ ያለው ያው ቅመም ነው። በ1819 እ.ኤ.አ. ለይቶ ያወጣው ሩንጌ የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ነበር። ታውሪን ያለበት የብርታት መጠጥ በጃፓን አገር በ1962 እ.ኤ.አ. በትንሽ ጠርሙስ ለገበያ ወጣ፤ የጣሳው ዓይነት ግን በዓለም ላይ የተስፋፋው መነሻውን ከታይላንድ ያደረገ አንድ መጠጥ በ1987 እ.ኤ.አ. በኦስትሪያ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ ነው።

ሰው ነቅቶ በሚውልበት ጊዜ በአንጎሉ ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ነገር ቀስ በቀስ ይጠራቀማል፤ ተግባሩም ድካም መድረሱን ለአንጎል ማስታወቅ ነው። ካፌይን ሲመጣ የዚህን መልእክተኛ ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል። መልእክቱ ይቀራል፤ ድካሙ ግን እንዳለ ነው። ካፌይኑ ሲለቅ የተጠራቀመው ድካም በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ብድሩ ከአራጣ አበዳሪ እንደ ተወሰደ ብር ነው ማለት ይቻላል። በደም ውስጥ ካለው ካፌይን ግማሹ እስኪወገድ ለብዙ ሰው 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ምሽት በ2 ሰዓት የጠጣ ሰው ከሌሊቱ በ7 ሰዓት ግማሹን ገና በደሙ ይዞታል፤ እንቅልፉም ቀላልና ቍርጥርጥ ይሆናል። ሲነጋ ደክሞት ይነሣል፤ ሌላ ጣሳም ይከፍታል።

አንዳንዶች «ቡና ስንጠጣ ኖረን ምን ሆንን?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ቡና በትንሽ ሲኒ፥ ትኩስ ሆኖ፥ ፉት እየተባለ ይጠጣል፤ አቦሉ ጠንከር ይላል፤ ቶናውና በረካው እየቀጠኑ ይሄዳሉ፤ አጠገቡም ቆሎ ወይም ዳቦ አይታጣም። ጣሳው ግን ቀዝቃዛና ጣፋጭ ስለሆነ ጠጪው ቆሞ፥ ብዙ ጊዜም በባዶ ሆዱ፥ በአንድ ትንፋሽ ይጨርሰዋል። በብዙዎቹ መጠጦች ላይ እንደ ተጻፈው በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 32 ሚሊ ግራም ካፌይንና 11 ግራም ያህል ስኳር ይገኛል። በዚህ ሒሳብ ግማሽ ሊትሩ 160 ሚሊ ግራም ካፌይንና 55 ግራም ስኳር ይይዛል፤ ስኳሩ በሻይ ማንኪያ ቢሰፈር ወደ 14 ማንኪያ ይጠጋል። እስቲ 14 ማንኪያ ስኳር በአንድ ብርጭቆ ሻይ ላይ የሚጨምር ማን ነው? የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር መሠረት ለአንድ ዐዋቂ ሰው በቀን ከ50 ግራም ያህል ማለፍ አይገባም። በዚያው ዓመት የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ጤናማ ዐዋቂ በአንድ ጊዜ 200፥ በቀን 400 ሚሊ ግራም ካፌይን ቢወስድ እንደማያሰጋው ገልጿል፤ ለነፍሰ ጡር ግን የቀኑ መጠን ከ200 እንዳይበልጥ ወስኗል።

ከመጠን ያለፈ እንደሆነ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ልብ ይመታል፤ የደም ግፊት ከፍ ይላል፤ ሰውየውም ያለ ምክንያት ይጨነቃል። የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው የልቡ ምት ሊዛባ ይችላልና ጨርሶ ባይቀምሰው ይሻላል። ለልጆችም አይገባም። ሊቱዌንያ በ2014፥ ፖላንድም በ2024 እ.ኤ.አ. ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ እንዳይሸጥ በሕግ ከልክለዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን የሾፌሩ ነገር ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ የተደረገ ምርመራ እንዳሳየው 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው የእጁና የዐይኑ ቅንጅት በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ይደክማል። ሌሊት በ9 ሰዓት የተነሣ ሾፌር ምሽት በ2 ሰዓት እዚህ ደረጃ ላይ ይደርሳል። ዐይኑ ለ4 ሴኮንድ ቢከደን፥ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄደው አውቶቡስ ያለ ነጂ 67 ሜትር ያህል ይጓዛል። በዓባይ በረሃ ቁልቁለት 67 ሜትር ምን ማለት እንደ ሆነ መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጣሳው ይህን ሸለብታ ለጊዜው ያዘገየዋል፤ አያስቀረውም። ይባስ ብሎ በጫት ላይ የሚጨምሩት አሉ። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ራሱ ልብን የሚያስሮጥና ግፊትን የሚያነሣ ነውና ሁለቱ ሲገናኙ ሸክሙ በልብ ላይ ይደራረባል። ማታም ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይከተላል፤ በዚያን ጊዜ ካፌይን ስካርን ስለሚሸፍን ሰውየው ያልሰከረ መስሎት ይጨምራል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2010 እ.ኤ.አ. አልኮልና ካፌይን ቀላቅለው ይሸጡ የነበሩ አራት ኩባንያዎችን ያስጠነቀቀው በዚህ ምክንያት ነው።

እንቅልፍን የሚተካ እንቅልፍ ብቻ ነው። ነገ መንገደኛ የሆነ ሾፌር ዛሬ በጊዜ ይተኛ፤ የአውቶቡሱም ባለቤት ይህን ጊዜ ይስጠው። በጉዞ ላይ ዐይኑ ከከበደው ከመንገድ ወጥቶ አንድ ሲኒ ቡና ይጠጣና 20 ደቂቃ ይተኛ፤ ካፌይኑ መሥራት የሚጀምረው ሲነቃ ይሆናል። ተሳፋሪውም ስለ መዘግየቱ አይቆጣ። ተሸካሚው በላብ ያጣውን በንጹሕ ውኃ ይተካ፤ ለጉልበቱ በሶ በጥብጦ ቢጠጣ ወይም ቆሎ ቢይዝ ዋጋውም የሚቀል ይመስለናል።

መጠጡን ከጠጣ በኋላ ደረቱን ያመመው፥ ልቡ ያለ ሥርዓት የሚመታበት፥ ወይም ራሱን ስቶ የወደቀ ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ወሳጆቹም ስንት እንደ ጠጣ፥ ጫት ወይም አልኮል ጨምሮበት እንደ ሆነ ለሐኪሙ ሳይደብቁ ይንገሩ፤ ባዶው ጣሳ ከተገኘም ይዘው ይሂዱ።