የበረንዳችሁ ሙዝ ቅጠሉ ነጠብጣብ ካወጣ ፍሊት ከመንፋታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ በባልዲና በፖት ሙዝ የምታሳድጉ፣ ይህ ለእናንተ ነው።

ቅጠሉ ሲጎዳ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያነሳው የበረሮ ፍሊት ነው። እኛም አድርገነዋል። ተባዩ አልጠፋም፤ ቅጠሉ ግን ተቃጠለ፣ ሽታውም መኝታ ቤት ገባ። ችግሩ ምን ላይ እንደምንነፋ አለማወቃችን ነበር።

መጀመሪያ ማን እንደሆነ እንለይ። የስልካችሁን መብራት አብሩና ከቅጠሉ ሥር በካሜራ አቅርባችሁ እዩ።

👉 ቀይ ሸረሪት፦ ቅጠሉ ላይ ደቃቅ ቢጫ ነጠብጣብ፣ ከሥሩ ደግሞ ስስ ድር ይታያል። በጋ ላይ አየሩ ሲደርቅ ይብሳል። ነጭ ወረቀት ከሥር ይዛችሁ ቅጠሉን መታ መታ አድርጉት፤ የሚንቀሳቀስ ነጥብ ከወደቀ እሱ ነው። ስምንት እግር ያለው የመዥገር ዘመድ ስለሆነ ብዙው የነፍሳት መድኃኒት አይገድለውም። እንዲያውም እሱን የሚበሉትን ነፍሳት ጨርሶ ሊያበዛው ይችላል።

👉 ክሽክሽ፦ አዲሱ ጥቅልል ቅጠል አካባቢ ይሰበሰባል። ቅጠሉ ከተጣበቀና ጉንዳን ከተመላለሰ ጠርጥሩ። ጉንዳኑ የሚመጣው ክሽክሹ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ፍለጋ ነው፤ በምላሹም ከጠላት ይጠብቀዋል።

👉 ጥጥ መሳይ ነፍሳት፦ ቅጠሉ ከግንዱ በሚገናኝበት ቦታ ነጭ ጥጥ ይመስላሉ። ሥር ላይ የሚኖሩም አሉ። በደቡብ ኢትዮጵያ እንሰትን የሚያጠቃው የሥር ተባይ የዚሁ ወገን ነው፤ የሚዛመተውም በተበከለ ችግኝ ነው። እንሰትና ሙዝ ደግሞ ዘመዳሞች ናቸው።

ምን እናድርግ?

1. ሙዙን ከሌሎች ተክሎች ለዩት። በጣም የተጎዳውን ቅጠል ቆርጣችሁ ጣሉ።

2. አፈሩን በፌስታል ሸፍናችሁ ቅጠሉን ከላይም ከሥርም በውሃ እጠቡ። ከተባዩ አብዛኛው እዚህ ላይ ይረግፋል።

3. በ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና በጥብጡ። ኦሞና በረኪና አይሆንም። መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክራችሁ አንድ ቀን ጠብቁ። ካልተቃጠለ ፀሐይ ስትበርድ ሁሉንም ርጩ። ሳሙና የሚገድለው የነካውን ብቻ ስለሆነ የቅጠሉ ሥር በደንብ ይራስ። ከአንድ ሰዓት በኋላ በንጹህ ውሃ አለቅልቁት።

4. ጥጥ መሳዮቹን አልኮል በነካ ጥጥ አንድ በአንድ ጥረጉ።

5. በየ5 ቀኑ ቢያንስ 3 ጊዜ ድገሙት። ሳሙናው እንቁላሉን አይገድልም፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈው "ጠፋ" ብሎ ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ሲተወው ነው።

አንድ ነገር አደራ፦ በሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጥ ስም የለሽ የእርሻ መድኃኒት ቤት አታስገቡ። ልጅ ውሃ መስሎት ሊጠጣው ይችላል። ሙዙ ቢሞት ሌላ ችግኝ ይተከላል።

አዲስ ችግኝ ስትወስዱም አፈሩን አራግፋችሁ ሥሩን እዩ። ነጭ ነገር ካለበት፣ በነፃም ቢሰጧችሁ አትቀበሉ።

በረንዳው ላይ ሙዝ ላለው ጓደኛችሁ አጋሩት።