የሆኖርዮስ ጉዳይ

የሮምን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሥልጣን የሚሞግት ሰው ታሪክ ካወቀ፣ ምግባረ ብልሹ የነበሩትን በመዘርዘር ጊዜ አያጠፋም። ኃጢአት መሥራትና የስሕተት ትምህርት ማወጅ ለየቅል መሆናቸውን እርሱም አይስተውም። በቀጥታ የሚያነሳው እ.ኤ.አ. ከ625 እስከ 638 በመንበረ ጴጥሮስ የተቀመጡትን ቀዳማዊ ሆኖርዮስን ነው።

የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ ሰርግዮስ ለሆኖርዮስ ጻፉ፦ በክርስቶስ ያለው ግብር አንድ ነው ወይስ ሁለት የሚለው ክርክር ሰላም ነስቶናልና ሁለቱም አነጋገር ቢቀርስ? ሆኖርዮስ ተስማሙ፤ በመልሳቸውም ስለ ጌታ አንድ ፈቃድ የሚናገር ቃል አስገቡ። በ680 የተጀመረው የቁስጥንጥንያ ጉባኤ በ681 ሁለት ፈቃድ ብሎ ወሰነ፤ ሰርግዮስንም ሆኖርዮስንም በስም አወገዘ። (ኬልቄዶንን ያልተቀበለው የተዋሕዶ አንባቢ ክርክሩን ከሥሩ በሌላ ዓይን ያየዋል፤ የዚህ ምዕራፍ ጥያቄ ግን ስለ ሮም ነው።)

ካርዲናል ባሮንዮስ የሆኖርዮስ ስም በጉባኤው መዝገብ ውስጥ በሐሰት የገባ ነው ብለው ተከራክረዋል። ይህ መንገድ አያዋጣም። ሮም ራሷ ውግዘቱን ተቀብላለች፤ ከዚያ ወዲህም አዲስ ተመራጭ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በሚሰጡት የእምነት ቃል ውስጥ የሆኖርዮስ ውግዘት ተካቶ ነበር።

ቁልፉ ያለው ጉባኤውን ባጸደቁት በዳግማዊ ልዮን ዘንድ ነው። የጉባኤው ቃል ብርቱ ነው፤ ሆኖርዮስ የሰርግዮስን ሐሳብ በሁሉ ተከተሉ ይላል። ልዮን ግን ለስፔን ጳጳሳት ሲጽፉ የወቀሷቸው የኑፋቄውን እሳት ገና ሲጫር ባለማጥፋታቸው፣ በቸልታም እንዲቀጣጠል በማድረጋቸው ነው። ካቶሊካዊ የሚይዘው ውግዘቱ የጸደቀበትን ይህን አረዳድ ነው። ወቀሳው ግን ቀላል አይደለም።

በ1870 በሮም በተደረገው ጉባኤ የተደነገገው አለመሳሳት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ የምእመናን ሁሉ እረኛና መምህር ሆነው፣ መላዋ ቤተ ክርስቲያን እንድትይዘው የእምነት ወይም የምግባር ትምህርት በቁርጥ ሲወስኑ ብቻ የሚሠራ ነው። «ይህ አጥር ሆኖርዮስን ለማስመለጥ ኋላ የታጠረ ነው» ይባላል። የጉባኤያትን ታሪክ የጻፉት የሮተንቡርጉ ጳጳስ ሄፈለም በዚሁ በሆኖርዮስ ጉዳይ ተሟግተው፣ የመጨረሻው ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ከሮም ወጥተዋል፤ በ1871 ግን ድንጋጌውን በሀገረ ስብከታቸው አወጁ። ለክሱ መልሱ ከራሱ ከደብዳቤው ይገኛል። ሆኖርዮስ ግብሩ አንድ ነው ወይስ ሁለት የሚለው የሰዋስው መምህራን ጉዳይ ነው፣ እኛ አንዱንም አንበል ይላሉ። ሁለቱንም ተዉ ያለ ሰው፣ ከሁለቱ የትኛውንም ለመላዋ ቤተ ክርስቲያን ደነገገ ሊባል አይችልም።