የመሣሪያ ጉዳት (የሚና ጨዋታ)

የመሣሪያ ጉዳት በጠረጴዛ ዙሪያ በሚደረግ የሚና ጨዋታ ውስጥ፣ አንድ መሣሪያ ከተመታው ገጸ ባሕርይ የሕይወት ነጥብ ላይ ስንት እንደሚቀንስ የሚወስን ደንብ ነው። በዚህ ዓይነት ጨዋታ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፤ የጨዋታው መሪ ደግሞ ታሪኩን ይተርካል፣ ጠላቶቹንም ያንቀሳቅሳል። የሕይወት ነጥቡ 0 የደረሰ ይወድቃል። ለወራት የተጫወቱበት ገጸ ባሕርይ በአንድ ምት ሊጠፋ ስለሚችል፣ ደንቡን መንካት ቀላል ነገር አይደለም።

ታሪክ

ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለው ጨዋታ በ1974 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ታተመ። ደራሲዎቹ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን ናቸው። በዚያ እትም የማናቸውም መሣሪያ ጉዳት በአንድ ባለ 6 ገጽ ዳይስ (በሉዶ የሚጣለው ዓይነት) ይወሰን ነበር። ጩቤ 3 ወርቅ፣ ጎራዴ 10 ወርቅ ሲያወጡ ጉዳታቸው ግን እኩል ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣው ግሬይሆክ የተባለው ተጨማሪ መጽሐፍ ይህን ለወጠ፤ ሰውን ሲመታ ለጩቤ ባለ 4፣ ለጎራዴ ባለ 8፣ በሁለት እጅ ለሚያዝ ጎራዴ ባለ 10 ገጽ ዳይስ ተመደበ። በዚያው መጽሐፍ የተዋጊው የሕይወት ነጥብ በባለ 8፣ የአስማተኛው በባለ 4 ዳይስ መቆጠር ጀመረ። ጉዳት የሚለካው በሚቀንሰው ሕይወት ነውና ሁለቱ አብረው መለወጣቸው ተገቢ ነበር።

ደንቡን ማስተካከል

ብዙ የጨዋታ መሪዎች የታተመውን ደንብ ለራሳቸው ቡድን ያስተካክላሉ። የተለመደው ስሕተት አማካዩን ብቻ ማየት ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው አምስተኛ እትም ጎብሊን የተባለው ትንሽ ጠላት 7 የሕይወት ነጥብ አለው። በጉልበቱ ጉዳት ላይ 3 የሚጨምር ተዋጊ በጎራዴ (ባለ 8) ሲመታው፣ ዳይሱ 4 ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ ይጥለዋል፤ ይህ ከ8 ዕድል 5ቱ ነው። በጦር (ባለ 6) ከሆነ ከ6 ዕድል 3ቱ ብቻ ነው። ጦሩ እንዲሻሻል ተብሎ 1 ቢጨመርለት የሁለቱም አማካይ ጉዳት 7.5 ይሆናል። ይሁን እንጂ ጦሩ አሁን ከ6 ዕድል 4ቱን ስለሚያገኝ ጎብሊኑን በመጣል ጎራዴውን ይበልጠዋል።

ሌላው መንገድ ቁጥሩን ትቶ የመሣሪያውን ባሕርይ መመልከት ነው። ሾተል በኢትዮጵያ የሚታወቅ ቆልማማ ጎራዴ ሲሆን፣ ጫፉ ከጋሻ ጀርባ ያለውን ሰው መድረስ ይችላል። በጨዋታው ሠንጠረዥ ውስጥ ግን የለም። የሚያስገባው መሪ ጉዳቱን ባለ 6 አድርጎ፣ ጋሻ የሚጨምረው 2 የመከላከያ ነጥብ በሾተል ላይ እንዳይሠራ ሊደነግግ ይችላል። የጎብሊኑ መከላከያ ከነጋሻው 15 ነው። በባለ 20 ገጽ ዳይስ ላይ 5 የሚጨምረው ይኸው ተዋጊ፣ በጎራዴ ከ100 ሙከራ 55ቱን፣ በሾተል 65ቱን ያገኛል። በአንድ ሙከራ የሚደርሰው አማካይ ጉዳት ለጎራዴ 4.1፣ ለሾተል 4.2 ገደማ ነው (20 ሲወጣ የሚታከለው ሳይቆጠር)። ጋሻ በሌለው ጠላት ላይ ግን ጎራዴው ይበልጣል፤ ስለዚህ አንዱ ሌላውን ከጥቅም ውጭ አያደርገውም።

የሁሉንም መሣሪያ ጉዳት ማሳደግ ውጊያውን ያሳጥራል፤ ነገር ግን ጠላቶቹም በዚያው መሣሪያ ይመታሉ። አንድ ጎብሊን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ውጊያ ታይቶ ይቀራል። የተጫዋቹ ገጸ ባሕርይ ግን በእያንዳንዱ ውጊያ ላይ ስለሚገኝ፣ ከባዱ ምት ውሎ አድሮ የሚያርፈው በእሱ ላይ ነው።