ስልኩ ለማዳመጥ፣ ክፍሉ ለመናገር፦ ስለ ቅይጥ ትምህርት ተረትና እውነታ

በወልቂጤና በቡታጅራ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ የሚማር ልጅ ብዙ ጊዜ ሦስተኛ ቋንቋውን ነው የሚማረው። ቤቱ ውስጥ የሰባት ቤት ጉራጌን ቋንቋ፣ ቀቤንኛን፣ መስቃንኛን ወይም ስልጥኛን ይናገራል፤ ገበያና ትምህርት ቤት አማርኛ ይጨምሩለታል፤ 9ኛ ክፍል ላይ ደግሞ ባዮሎጂውም ሒሳቡም በእንግሊዝኛ ነው። በመላ አገሪቱ የ12ኛ ክፍልን ፈተና ተፈትነው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 የትምህርት ዘመን 3.3፣ በ2015 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ የብዙ ችግሮች ድምር ነው፤ ሆኖም አብዛኛው ጥያቄ የሚነበበው በእንግሊዝኛ እስከሆነ ድረስ ቋንቋው ከድምሩ ውጭ ሊሆን አይችልም። ከመፍትሔዎቹ አንዱ ተብሎ የሚነሳው ቅይጥ ትምህርት ነው፤ ይኸውም የክፍሉን ትምህርት ተማሪው በራሱ ጊዜ በስልክ ወይም በኮምፒዩተር ከሚሠራው ጋር ማቀናጀት። ስለ እሱ የሚነገሩት ብዙዎቹ ነገሮች ግን ዋናውን ቁም ነገር ይስታሉ። ቁም ነገሩ መሣሪያው አይደለም፤ ከመምህሩ ጋር የምናሳልፈውን ውድ ሰዓት ለምን እናውለው የሚለው ውሳኔ ነው።

ተረት 1፦ ቅይጥ ትምህርት ማለት ክፍል ውስጥ ኮምፒዩተር ማስገባት ነው።

እውነታ፦ መሣሪያ ብቻውን ቋንቋ አያስተምርም። ፔሩ ለገጠር ትምህርት ቤቶቿ ላፕቶፕ በገፍ አድላ ነበር፤ በ319 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ጥናት ግን በሒሳብም ሆነ በቋንቋ ውጤት ላይ የታየ ለውጥ አላገኘም። በሌላ በኩል የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው የጥናቶች ግምገማ፣ የገጽ ለገጽና የኦንላይን ትምህርትን አቀናጅተው የተማሩት በገጽ ለገጽ ብቻ ከተማሩት በአማካይ የተሻለ ውጤት እንዳመጡ አሳይቷል። ሁለቱ ግኝቶች የሚጋጩ ይመስላሉ እንጂ አይጋጩም። የግምገማው አዘጋጆች ራሳቸው እንዳስጠነቀቁት፣ ቅይጡን የተማሩት ብዙ ጊዜ ተጨማሪ የመማሪያ ሰዓትና ተጨማሪ ማቴሪያል ያገኙ ነበሩ፤ ስለዚህ ውጤቱ የመጣው ከስክሪኑ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ነገሩን ወደ አንድ ክፍል አምጥተን እናስላው። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል በ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ሁሉም ተራ በተራ ይናገር ቢባል፣ መምህሩ ትንፍሽ ሳይል እንኳ ለአንድ ልጅ የሚደርሰው 40 ሰከንድ ነው። ማዳመጡና ንባቡ አስቀድሞ ከክፍል ውጭ አልቆ፣ ልጆቹ 20 ደቂቃ ጥንድ ጥንድ ሆነው ቢነጋገሩ ግን ለእያንዳንዱ 10 ደቂቃ ይደርሰዋል። የቅይጥ ትምህርት ትርፉ ይህ ነው።

ተረት 2፦ በፕላዝማ ሞክረነዋል፤ አልሠራም።

እውነታ፦ የፕላዝማው ትምህርት ቅይጥ ትምህርት ሊያደርግ ከሚገባው ተቃራኒውን ነበር ያደረገው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ እንግሊዝኛን ጨምሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቶች በሳተላይት እየተሠራጩ በየክፍሉ በተተከሉ ስክሪኖች ይታዩ ነበር። ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን ስርጭቱ ይወስደውና ለመምህሩ ለመግቢያና ለማጠቃለያ የምትሆን ጥቂት ደቂቃ ትተርፈው ነበር። ስርጭቱ ለአገሩ ሁሉ በአንድ ፍጥነት ስለሚሄድ፣ ያልገባው ልጅ «ይደገምልኝ» ቢል ሊያስቆመው የሚችል አልነበረም፤ መብራት ከጠፋም የዕለቱ ትምህርት አብሮ ይጠፋ ነበር። ቋንቋ ለመማር ሁለት ነገሮች የግድ ናቸው፦ እስኪገባ ድረስ ደጋግሞ መስማትና ከሰው ጋር መነጋገር። ፕላዝማው መስማቱን ሊደገም በማይችል መልኩ አቀረበው፤ መነጋገሪያውን ሰዓት ደግሞ ወሰደው። በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ከመጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ሲዘጉ የመጣው የሬዲዮ፣ የቴሌቪዥንና የቴሌግራም ትምህርትም እንዲሁ ጎዶሎ ነበር፤ ክፍሉ ራሱ አልነበረምና። አንደኛው ልጆቹን ክፍል ሰብስቦ ንግግር ነፈጋቸው፤ ሁለተኛው መገናኛውን አሳጣቸው። ሁለቱንም አይቶ ቅይጥ ትምህርት አይሆነንም ማለት፣ ያልተሞከረን ነገር እንደ ከሸፈ መቁጠር ነው።

ተረት 3፦ ዳታና ስማርት ስልክ ለሌለው ልጅ አይሆንም።

እውነታ፦ ይህ ከሁሉም ክብደት ያለው ተቃውሞ ነው፤ በቀላሉ ሊታለፍም አይገባም። ግማሹን የሚመልሰው የማቴሪያሉ ምርጫ ነው። በ64 ኪሎቢት ጥራት የተቀዳ የ3 ደቂቃ ድምፅ 1.5 ሜጋባይት ግድም ቢሆን ነው፤ ቪዲዮ ግን ከዚህ እጅግ ይከብዳል። ድምፁ በሜሞሪ ካርድ ተጭኖ በቁልፍ ስልክ ይሰማል፤ ያለ ዳታ በብሉቱዝ ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። ስለዚህ ቪዲዮና ዙም ካልሆነ ብሎ ድርቅ ማለት የመጀመሪያው ስሕተት ነው። ሌላው ግማሽ ግን በቴክኒክ አይፈታም። ጭራሽ ስልክ የሌለበት ቤት አለ፤ ከትምህርት መልስ ውኃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ታናናሾቿን የምትጠብቅ ልጅ አለች፤ ከገጠር ቀበሌ መጥቶ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቶ የሚማርም አለ። ለእነሱ ሲባል ሕጉ ግልጽ መሆን አለበት፦ ያለ ስልክ ሊሠራ የማይችል ሥራ ማርክ አይያዝበትም፤ ድምፁም ከክፍል በፊት ወይም በዕረፍት ሰዓት በአንድ ስፒከር በትምህርት ቤቱ ይከፈታል። ሥራው ራሱ ቀላል ነው። ተማሪው እያቆመ፣ እየመለሰ አዳምጦ አምስት ዓረፍተ ነገር እንደሰማው ደብተሩ ላይ ይጽፋል፤ በስፒከር ለሚሰሙት ደግሞ ድምፁን የሚይዘው ልጅ በጠየቁት ቁጥር ይመልስላቸዋል። በማግስቱ ክፍል ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነው ደብተር ያስተያያሉ፤ የጻፉት በተለያየበት ቦታ ማን በትክክል እንደሰማ በእንግሊዝኛ ይከራከራሉ።

«ግማሹ ልጅ ሳያዳምጥ ይመጣል» የሚል መምህርም አለ፤ እውነቱን ነው። ይህን የሚያርመው በክፍለ ጊዜው መግቢያ ላይ ደብተር ሳይገለጥ የሚሰጥ የ5 ደቂቃ አጭር ጥያቄ ነው። ጥያቄው ማን እንዳዳመጠ ከማሳየት ያለፈ ጥቅም አለው። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድን ጽሑፍ ደግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን የበለጡት ከማንበብ ይልቅ ያስታወሱትን ለመጻፍ የሞከሩት ነበሩ። አጭሯ ጥያቄ እንግዲህ የትምህርቱ አካል ናት፤ መቅጫ መሆን የለባትም።

ተረት 4፦ ቅይጥ ትምህርት መምህሩን ይተካል፤ ካልተካውም ሥራ ያበዛበታል።

እውነታ፦ ኡራጓይ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቿ የእንግሊዝኛ መምህር ሲያጥራት እ.ኤ.አ. በ2012 የጀመረችው ፕሮግራም ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በሳምንት አንድ ቀን በርቀት ያለ የእንግሊዝኛ መምህር በቪዲዮ ያስተምራል፤ ሌሎቹን ሁለት ክፍለ ጊዜዎች የሚመራው ግን የክፍሉ መምህር ነው። ኡራጓይ የክፍሉን መምህር አላስወጣችም፤ ያለ እሱ የርቀቱ ትምህርት መሬት እንደማይነካ ስለገባት ነው። ተመሳሳይ ትብብር ለወልቂጤ ሩቅ አይደለም፤ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የሚያስተምረው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ጉብሬ ላይ ነው ያለው፤ ወደ መምህርነት የሚያዘነብሉ የቋንቋ ተማሪዎቹ በድምፅ ቀረጻና በንግግር ልምምድ ሊያግዙ ይችላሉ። ሥራ ይበዛል የሚለው ስጋት ግን በመጀመሪያው ዓመት ልክ ነው። አንድ መምህር ብቻውን ሁሉንም ምዕራፍ ቀርጾ፣ አዘጋጅቶ፣ አርሞ አይዘልቀውም። የትምህርት ክፍሉ መምህራን ምዕራፎቹን ተከፋፍለው ከቀረጹ ግን ሸክሙ ይቀላል፤ መጽሐፉ እስካልተለወጠ ድረስም ቅጂው ለሚቀጥሉት ዓመታት ያገለግላል። ለዚህ ሥራ ርዕሰ መምህሩ ከክፍለ ጊዜ ጭነት ላይ ሰዓት ሊቀንስላቸው ይገባል፤ በትርፍ ሰዓት በነፃ የሚጠየቅ ለውጥ አይዘልቅም።

ስለዚህ የወልቂጤም የቡታጅራም ትምህርት ቤቶች ቅይጥ ትምህርትን ሲመዝኑ ስንት ኮምፒዩተር ገባ፣ ቴሌግራም ግሩፑ ስንት አባል አለው ብለው አይጀምሩ። አንዲት ከኋላ የምትቀመጥ፣ እጇን የማታወጣ ተማሪ በዚህ ሳምንት ስንት ደቂቃ እንግሊዝኛ ተናገረች ብለው ይጠይቁ። ደቂቃው ከጨመረ በቁልፍ ስልክና በአንድ ስፒከርም ቢሆን ቅይጡ ሠርቷል። ካልጨመረ ግን መሣሪያው የቱንም ያህል ቢዘምን ልጆቻችን የሚጠብቁት ለውጥ ገና አልመጣም፤ መታረም ያለበትም የክፍለ ጊዜው አጠቃቀም ነው።